የኮምፒውተሯ ክታብ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ሜሮን በረንዳዬ ላይ ተቀምጣ ከአንዲት ካርድ ጋር ስትጣላ ዋለች። ሜሮን አዲስ አበባ ነው የምትሠራው። ሥራዋ፣ እኔ እስከገባኝ ድረስ፣ የኮምፒውተር ፕሮግራሞችን ከካርድና ከእነዚያ ቁልፍ መያዣ ላይ ከሚንጠለጠሉ ትንንሽ የይለፍ እቃዎች ጋር ማነጋገር ነው። እኔን ልትጠይቅ ጅማ ስትመጣም ሥራዋን በቦርሳ ሸክፋ ነው የምትመጣው። ኮምፒውተሯን ጉልበቷ ላይ፣ የካርድ ማንበቢያዋን የአበባ ማሰሮዬ ጠርዝ ላይ አድርጋ ትሰካለች፣ ትነቅላለች፣ ደግማ ትሰካለች። ምሳው ቀርቦ ቀዘቀዘ።

«ምን ሆነችብሽ?» አልኳት።

«አትመልስልኝም እማ። እጠይቃታለሁ፣ ዝም።»

«ምን ብለሽ ነው የምትጠይቂያት?»

ሳቀችና እንደ ሕፃን አስረዳችኝ። ካርዷ ሆድ ውስጥ አንድ ምስጢር አለ። ፕሮግራሙ «አንቺ ማነሽ?» ሲላት በዚያ ምስጢር ተጠቅማ ትመልሳለች፤ ምስጢሩን ራሱን ግን አውጥታ ለማንም አትሰጥም። ለሜሮን እንኳ አትሰጥም።

«ቢጨቀጭቋትስ?»

«ሦስት ጊዜ የተሳሳተ የይለፍ ቁጥር ከሰጧት ጥርቅም ብላ ትዘጋለች።»

እንዲህ ስትለኝ አንድ የድሮ ነገር ትዝ አለኝ። ተነስቼ ወደ ጓዳ ሄድኩና ከቁም ሣጥኔ የታችኛው መሳቢያ በመሐረብ የተጠቀለለች እቃ አውጥቼ ፊቷ አስቀመጥኩላት። የክብሪት ቀፎ የምታህል ግራጫ ፕላስቲክ ናት። ባንድ ጎኗ ቀጫጭን የብረት መርፌዎች በሁለት ረድፍ ተሰድረዋል፤ በሌላው ጎኗ ቀዳዳዎች አሏት። ጀርባዋ ላይ በቀይ የዘይት ቀለም 417 የሚል ቁጥር ተጽፎባታል።

ሜሮን ዓይኗ ፈጠጠ። «እማ! ይሄ እኮ ዶንግል ነው! የድሮ የፕሮግራም ቁልፍ! ከየት አመጣሽው? ደግሞ ማነው ቀለም የቀባው?»

ማነው የቀባው። ይሄን መሳይ ጥያቄ ሌላ ሰውም ጠይቆ ነበር፤ እሱ ግን እየሳቀ አልነበረም።

ደርግ ሊወድቅ ሦስት ዓመት ያህል ሲቀረው ነው። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። አዲስ አበባ የሦስት ወር የኮምፒውተር ሥልጠና ጨርሼ ጅማ አንድ የቡና ጥራት መመርመሪያ መሥሪያ ቤት ተመደብኩ። የሦስት ወር ሥልጠና! ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል። ያኔ ግን የአገሩን እውቀት ጠቅልዬ የያዝኩ መስሎኝ ቀሚሴን ሰብሰብ እያደረግኩ ነበር የምራመደው። ከሰቃ፣ ከአጋሮ፣ ከሊሙ የሚመጣው ቡና ናሙናው እኛ ዘንድ ተቆልቶ ይቀመሳል፣ ደረጃ ይወጣለታል። እኔ ደረጃውን ኮምፒውተር ላይ አስገብቼ ምስክር ወረቀቱን አትማለሁ። ያን ወረቀት ያልያዘ የጭነት መኪና ኬላ አያልፍም።

ኮምፒውተሯ አንድ ለእናቷ ነበረች። ለብቻዋ ክፍል ተሰጥቷት፣ መጋረጃ ተጋርዶላት፣ እሷ ዘንድ የሚገባ ሰው ጫማውን አውልቆ ነበር የሚገባው። ከዋናው መሥሪያ ቤት መጥቶ የተከላት ባለሙያ ይቺን ግራጫ እቃ ከኋላዋ ሰካና፣ የማተሚያውን ገመድ ደግሞ በእቃዋ ላይ ሰክቶ፣ «ፕሮግራሙ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ይቺን ይፈልጋታል። ካገኛት ይነሳል፣ ካጣት ተኝቶ ይቀራል። ሌላ ሰው ፕሮግራሙን ገልብጦ እንዳይወስድ ነው፤ አትነኳት» ብሎን ሄደ። የቡና ቀማሾቻችን ወዲያው ስም አወጡላት፤ ክታብ። ከኮምፒውተሯ ጀርባ ተንጠልጥላ ከክፉ የምትጠብቃት ክታብ። እስላሙም ክርስቲያኑም እንደዚያው ጠራት።

አሁን ወደ ጋሽ ሀብቴ ልምጣ። ጋሽ ሀብቴ የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ክፍል ኃላፊ ነበሩ። አጠር ያሉ፣ ካኪ ኮታቸውን በበጋም በክረምትም የማያወልቁ፣ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ዓመት የቀራቸው ሰው። ባንድ እጃቸው ቀይ ቀለም የያዘ የሳልሳ ቆርቆሮ፣ በሌላው ቀጭን ብሩሽ ይዘው ግቢውን ይዞራሉ። ቁጥር ያልሰጡት ነገር አልነበረም። ወንበሩ፣ ጠረጴዛው፣ ዶማው፣ የዘበኛው ቆመጥ፣ የባንዲራው እንጨት፣ የሻይ ማንቆርቆሪያው ክዳን ሳይቀር ቀይ ቁጥር ነበረው። አንድ ቀን ላሾፍባቸው ፈልጌ «ጋሽዬ፣ ለኔስ ቁጥር የለኝም?» ብላቸው ከላይ እስከታች አይተውኝ፣ «አንቺን ፈርሜ አልተረከብኩሽማ» አሉኝ፤ ፈገግም አላሉ።

የምኖረውም ቦሳ አዲስ ሰፈር እሳቸው ግቢ ተከራይቼ ነበር። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ያላበሉኝን ቀን አላስታውስም። አንድ ልጃቸው ሰሜን ጦር ግንባር ነው። ደብዳቤ አልፎ አልፎ ይመጣል። ጋሽ ሀብቴ ደብዳቤው ሲመጣ ሦስት ጊዜ ያነቡትና ፖስታው ጥግ ላይ በቀይ ቁጥር ይሰጡታል። የመጨረሻው አሥራ አንድ ነበር። አሥራ ሁለተኛው ከቀረ ወራት ሆኖት፣ እትዬ አስካለ የውጪው በር በነፋስ ሲንኳኳ እንኳ ይደነግጡ ነበር። ጋሽ ሀብቴም አንድ ማታ እቤት ሳይገቡ ቢቀሩ እትዬ አስካለ እንዴት እንደሚሆኑ ማሰብ አልችልም።

ጋሽ ሀብቴ አንድ የማይጥሱት ደንብ ነበራቸው። የሙያ እቃ ላይ ቁጥር ከመጻፋቸው በፊት ባለሙያውን ያስፈቅዳሉ። መዝገባቸውም ላይ የእቃው ስም፣ ቁጥሩ፣ ቀኑ፣ ቁጥር የሰጠው ሰው ካለ በኋላ «የፈቀደው» የምትል አንዲት ሣጥን አለች። ሃያ ምናምን ዓመት ያቺ ሣጥን ባዶ ሆና አታውቅም ይባል ነበር።

አንድ የመጋቢት ቅዳሜ ነው። በዚያ ዘመን ቅዳሜ እስከ ስድስት ሰዓት እንሠራለን። እኔ ግን ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ፊልም ልገባ ተቀጣጥሬ ስለነበር፣ ወረፋ እንዳያመልጠኝ ለስድስት ሰዓት አሥር ጉዳይ ላይ ኮምፒውተሯን አጥፍቼ፣ ማበጠሪያዬን ይዤ መስኮቱ ላይ ፀጉሬን እያስተካከልኩ ነበር። ጋሽ ሀብቴ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ።

«ገነት፣ ይቺ ከኋላ የተሰካችው ርክክብ ዝርዝሩ ላይ የለችም። ቁጥርም የላትም። ዛሬ ልስጣት?»

«እንደፈለጉ ጋሽዬ!» አልኳቸው። ፊቴን እንኳ አላዞርኩም። ምን እንዳሉኝም በቅጡ የሰማሁ አይመስለኝም። ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ሹልክ ብዬ በዘበኛው በኩል ወጣሁ። ፊልሙ ምን እንደነበር ዛሬ ትዝ አይለኝም።

ሰኞ ጠዋት ኮምፒውተሯን ከፈትኩ። ፕሮግራሙን ጠራሁት። አረንጓዴዎቹ ፊደሎች መጡና፣ የምፈልገውን እቃ አላገኘሁም የሚል የእንግሊዝኛ መልእክት ጽፈው ቆሙ። አጠፋሁ፣ ከፈትኩ። ያው ነው። ተንበርክኬ ከኋላዋ አየሁ። ክታቧ ቦታዋ ላይ ናት፤ ጀርባዋ ላይ ደማቅ ቀይ 417። ነቀልኳት። ቀለሙ እንዲደርቅ በመርፌዎቿ በኩል አቁመዋት ኖሮ ቁልቁል ወርዶ በመርፌዎቹ መሐል ደርቋል። መልሰው ሲሰኳትም እምቢ ብላቸው በኃይል ገፍተዋት አንዷ መርፌ ጎብጣለች።

ጋሽ ሀብቴ በሩ ላይ ቆመው ነበር። «አየሻት? ቁጥሯ አማረ አይደል?» አሉኝ። ከዚያ ፊቴን አዩ። «ማል ታኤ? ምን ተፈጠረ ልጄ?»

ነገርኳቸው። ብሩሹን ከጆሯቸው ላይ አወረዱና ኪሳቸው ከተቱት። «የመንግሥትን ማሽን ገደልኳት?» አሉ። ያቺ ድምፅ አንጀቴን በላችው። እኔ ነኝ እንደፈለጉ ያልኩት፣ ማለት ነበረብኝ። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። ክታቧን መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኳት፤ ቀዩን ቁጥር ከሁለታችን ሌላ ያየ አልነበረም።

ጉዱ የፈላው ከዚያ በኋላ ነው። ከጥቂት ሳምንታት በፊት ሥራ አስኪያጃችን ጓድ ታደለ፣ በእጅ የተጻፈ ምስክር ወረቀት ከእንግዲህ ኬላ እንዳያልፍ፣ በኮምፒውተር የታተመ ብቻ እንዲሠራ አስወስኖ ነበር። ስብሰባ ላይ አጨብጭበንለታል። አሁን ግቢያችን ውስጥ ሰባት የጭነት መኪና ቡና እንደጫነ ቆሟል። የበልጉ ዝናብ ደግሞ ያን ሳምንት ነው የጀመረው። ሸራው ያፈሳል፣ ጆንያው ይረጥባል፤ ሾፌሮቹ ይሳደባሉ። በስልክ አዲስ አበባ ተጠየቀ። ሌላ ክታብ ከውጪ አገር እስኪመጣ ሁለት ወር ይፈጃል ተባለ።

ጓድ ታደለ ሁላችንንም ሰበሰበን። ወጣት ነው፤ ከኔ ቢበልጥ ስምንት ዓመት ቢበልጥ ነው። «ይሄ ብልሽት አይደለም። አሻጥር ነው!» አለ። «እስከ ሐሙስ ጠዋት ድረስ ማሽኑን የነካው ሰው ካልታወቀ ጉዳዩን ለሚመለከተው ክፍል አስተላልፋለሁ።» በዚያ ዘመን የሚመለከተው ክፍል ማለት ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው አልነበረም። አሻጥረኛ ተብሎ የሄደ ሰው መቼ እንደሚመለስ የሚነግርህ የለም።

ከስብሰባው ስንወጣ ጋሽ ሀብቴ በቀጥታ ወደ ቢሮው ሊገቡ ሲሉ ኮታቸውን ይዤ ጎተትኳቸው።

«የት ነው?»

«ልናገር ነዋ። መዝገቤም ላይ ጽፌዋለሁ።»

«ጽፈውታል?!»

«ቅዳሜውኑ። ሥራ ሠርቼ ሳልጽፍ አድሬ አውቃለሁ?»

ወይ ጉድ! ሰውየው በገዛ እጃቸው መያዣቸውን ጽፈው አስቀምጠዋል። «እስከ ሐሙስ ጊዜ አለን። መጀመሪያ እንሞክር። እትዬ አስካለን ያስቡ እንጂ» አልኳቸው። የሚስታቸውን ስም ስጠራ ቆሙ።

ሂርማታ ገበያ አጠገብ ሐጂ ናስር የሚባሉ ሰዓት ሠሪ ነበሩ። እጃቸው የማያድነው ሰዓት የለም ይባላል። ማክሰኞ ስንሄድ ሱቃቸው ተዘግቷል። ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊ፣ «ሐጂ ሐዘን ገጥሟቸዋል፤ ወንድማቸው አርፎ ሰቃ ናቸው» አለን።

ረቡዕ ጠዋት ጋሽ ሀብቴ እቃዋን ለማውጣት የመውጫ ወረቀት ጻፉ። ኪሴ ከትቼ ልውጣ ብላቸው ሊገድሉኝ ደረሱ። «አንድ፣ ቁጥሯ 417፣ ለጥገና የምትወጣ፣ የምትመለስ» ብለው ጻፉ፣ ፈረሙ፣ ዘበኛውም አይቶ ፈረመ። ቡና ሊጭን ወደ ሰቃ በሚሄድ ባዶ መኪና ጋቢና ገባን።

መንገዱ ቀይ ጭቃ ነበር። ግራና ቀኙ በዝናቡ ታጥቦ ያብረቀርቃል፤ ከትልልቆቹ ዛፎች ስር የቡናው አበባ ገና መውጣቱ ነው፣ ሽታው በመስኮት ይገባል። እንደዚያ ፈርቼ እንኳ ያ ሽታ ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ቦታ መኪናው ጭቃ ያዘውና ወርደን ስንገፋ የኔ ጫማ እዚያው ቀረ፤ ጋሽ ሀብቴ በእጃቸው ቆፍረው አወጡልኝ። ከዚያ መንገድ ዳር ከአንዲት ልጅ ማንጎ ገዛን። ጭማቂው እስከ ክርኔ ወረደ። ክታቧን ልያት ብዬ እጄን ስዘረጋ «እጅሽን ታጠቢ!» ብለው ጮኹብኝ። ከሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቅኩት ያኔ ነው። እሳቸውም ትንሽ ሳቁ።

ሐጂ ዘንድ ስንደርስ ለቀስተኛው በዳሱ ስር ምንጣፍ ላይ ተቀምጧል። ቁርዓን ይቀራል። ሐዘን ቤት ገብቶ «ይቺን ሥሩልን» ማለት የሚቻል ነገር አይደለም። ጋሽ ሀብቴም አላሰቡት። ገብተው፣ ሐጂን አቅፈው «አላህ ያጽናዎት» አሉና ከጎናቸው ተቀመጡ። ከዚያ እንባቸው ፈሰሰ። ለወንድምየው ይሁን፣ ለልጃቸው ይሁን፣ ለራሳቸው ይሁን እኔ አላውቅም። የቤቱ ሰዎች ዳቦና ሻይ፣ ትኩስ የበቆሎ ቂጣ ከእርጎ ጋር አቀረቡልን። ሰዓቱ ይሄዳል። እኔ ሰዓቴን አያለሁ፤ እሳቸው ቁጭ ብለዋል።

ሐጂ ናቸው በመጨረሻ የጠየቁት። «ኦቦ ሀብቴ፣ ከመጣህ ጀምሮ ኪስህን አሥር ጊዜ ነካህ። ምንድነው የያዝከው?»

«ግድ የለም ሐጂ። ዛሬ የሚነገር አይደለም።»

«ወላሂ ትነግረኛለህ። ሦስት ቀን እጄን አጣጥፌ ተቀምጫለሁ። እጄ ሥራ ሲያጣ ወንድሜን ብቻ ነው የማስበው። አምጣ።»

ክታቧን ተቀብለው ከደረት ኪሳቸው የሰዓት መነጽራቸውን አወጡ፤ ለቅሶም ሲሄዱ ይይዙታል። አገላብጠው አዩዋት። «ይሄ ጥርስ የለው፣ ዘንግ የለው። እንዴት ነው የሚሠራው?» አሉኝ።

«ፕሮግራሙ ይጠይቃታል ሐጂ፣ እሷ ትመልስለታለች።»

«ምን ብላ?»

«እሱን እኔም አላውቅም» አልኳቸው። እውነቴን ነበር።

«ቶሌ፣ እሺ። ላይ አሥራ ሦስት፣ ታች አሥራ ሁለት» አሉና ሥራ ጀመሩ። ከመኪናው ታንክ ቤንዚን ተቀዳ። የላባ ጫፍ ቤንዚኑ ውስጥ እያስነኩ በእያንዳንዷ መርፌ ሥር ያንጠባጥባሉ፣ ቀለሙ ሲለሰልስ በስፒል ይፍቁታል። ለሶላት ተነስተው ተመለሱ። ለቀስተኛው አንድ አንድ እያለ ከበበን። አንድ ሽማግሌ ምን እንደምንሠራ ሲጠይቁ ሌላው «ክታብ እያጠቡ ነው» አላቸው። ጋሽ ሀብቴ ከሐጂ አጠገብ ተንበርክከው የጸዱትን ይቆጥራሉ። ሃያ አራቱ ጸዱ። የጎበጠችው ቀረች።

«በጉጠት ብይዛት ትሰበራለች» አሉ ሐጂ። መነጽራቸውን አውልቀው ብዙ አሰቡ። ከዚያ ወደ ጓዳ ተጣርተው የከብት ክትባት መርፌ አስመጡ፤ ያ ወፍራሙ፣ መሐሉ ክፍት የሆነው። በጎበጠችው ላይ እንደ ጓንት አጠለቁላትና ትንፋሻቸውን ይዘው፣ በቀስታ፣ በጣም በቀስታ ቀና አደረጓት። አልተሰበረችም።

ጋሽ ሀብቴ የሐጂን እጅ ሊስሙ ሲሉ ሐጂ ነጥቀው ወሰዱት። «ቁጥሩን ላጥፋልህ?» ብለው ጠየቁ። ጋሽ ሀብቴ ደነገጡ። «ኧረ ሐጂ! ቁጥሩማ መዝገብ ላይ ሰፍሯል!»

ሐሙስ ጠዋት ክታቧን ሰካኋት። ጓድ ታደለ ከኋላዬ ቆሟል፣ ጋሽ ሀብቴ በሩ ላይ በካልሲ ቆመዋል። ፕሮግራሙን ጠራሁት። ትንሽ አሰበ። ከዚያ አረንጓዴዎቹ ፊደሎች ከላይ እስከታች ግጥም ብለው መጡ። ከግቢው ሾፌሮቹ ያፏጩት ፉጨት አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

ያበቃ መስሎኝ ነበር። ጓድ ታደለ ግን ነገሩን ለበላይ ሪፖርት አድርጎታል፤ ስም ይዞ መቅረብ ነበረበት። ጋሽ ሀብቴ መዝገባቸውን አቅፈው «እኔ ነኝ» አሉ። ወደ ቢሮው ይዟቸው ሲገባ እኔም ተከትዬ ገባሁ። ልናገር ነበር። በእውነት ልናገር ነበር። ጋሽ ሀብቴ ግን ወደኔ ሳያዩ «ጓድ፣ ልጅቷ ሥራ አላት። ሰባት መኪና ይጠብቃታል፤ ትውጣ» አሉ። «ውጪ» አለኝ።

ወጣሁ። ሳልሸሽግ ልናገር፤ ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

ማተሚያዋ በችፑዱ ግድግዳ ማዶ መጮኽ ጀመረች። የዚያን ጊዜ ማተሚያ ጩኸቱ ጥርስ ያንገጫግጫል። አንድ መስመር ጽፋ ወደሚቀጥለው ስትዞር ባለው ትንሽ ፋታ የጓድ ታደለ ድምፅ ይመጣል።

«ማን ፈቀደልህ?» አንተ ነው የሚላቸው፣ በልጃቸው ዕድሜ ሆኖ።

ማተሚያዋ ጮኸች።

«ማን ፈቀደልህ ነው የምልህ? ይሄ ሣጥን ለምን ባዶ ሆነ?»

ማተሚያዋ ጮኸች።

«ለመጨረሻ ጊዜ እጠይቅሃለሁ፣ ማን ነው የፈቀደልህ?»

የጋሽ ሀብቴን መልስ አልሰማሁም። መልስ አልነበረማ። እኔ ቁጭ ብዬ የሰባት መኪና ወረቀት አተምኩ።

ማሽኑ ስለተነሳ አሻጥር የሚለው ተሰረዘ፤ ወሰዷቸው ከሚለው ጭንቀት ተረፍን። በግዴለሽነት ተብሎ ማስጠንቀቂያ ተጽፎባቸው አሰንዳቦ የነበረን መጋዘን ጠባቂ ሆነው ተዛወሩ። ከመሄዳቸው በፊት ሁሉንም ንብረት ለተተኪው አስረከቡ። አንዲት ነገር ግን ለይተው አወጡና ለኔ የርክክብ ወረቀት አስፈረሙኝ። «417 ከዛሬ ጀምሮ በስምሽ ናት። ማታ ማታ ነቅለሽ ያዣት። የሚረከብሽ ሰው እስኪመጣ አደራ።» ስፈርም መዝገቡ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ ነበር። አየኋት። በዚያ ሁሉ ዓመት፣ በዚያ ሁሉ ገጽ፣ አንዲት ባዶ ሣጥን።

በየአሥራ አምስት ቀኑ እትዬ አስካለ የሚልኩላቸውን ስንቅ ይዤ አሰንዳቦ እሄድ ነበር። መጋዘኑ ከአዲስ አበባ መንገድ ዳር ስለሆነ አቧራው አይጣል ነው። እዚያም ሁሉንም ነገር ቁጥር ሰጥተውታል፤ የዝናብ ውሃ የሚያጠራቅሙበትን በርሜል ጭምር። እቀመጣለሁ፣ እናወራለን፣ ያን ነገር ሳልናገር እመለሳለሁ። ስድስት ወር እንዲህ ሆነ።

ክረምቱ ሲወጣ፣ አንድ ቅዳሜ፣ በቆሎ እየጠበሱልኝ ሳለ አልቻልኩም። ከየት እንደመጣ ሳላውቅ አለቀስኩ። «ጋሽዬ፣ እኔ እኮ ነኝ የፈቀድኩልዎት። እንደፈለጉ ብዬዎታለሁ። ሣጥኗን ባዶ ያስቀሯት ለኔ ብለው ነው።»

በቆሎውን አገላበጡ። «መዝገቤን አንብበሻል ማለት ነው» አሉኝ። «ያለ ፈቃድ።»

«ጋሽዬ!»

«ስሚኝ ልጄ። እኔ የጠየቅኩሽ ከስድስት ሰዓት በኋላ ነው። ሥራ የሚያበቃው በስድስት ሰዓት ነው። ከሥራ ሰዓት ውጪ የተሰጠ ፈቃድ በደንቡ ፈቃድ አይባልም። እና ምን ብዬ ልጽፍ ኖሯል? የሌለ ነገር አልጽፍም።» የበሰለውን በቆሎ በቅጠሉ ጠቅልለው ሰጡኝ። «ብዪ፣ ሳይቀዘቅዝ።»

በላሁ። እያለቀስኩ በላሁ። ያን ቀን ለስድስት ሰዓት አሥር ጉዳይ እንደነበር እኔ አውቃለሁ። ፊልም እንዳያመልጠኝ ሰዓቴን እያየሁ ነበራ። እሳቸውም ያውቃሉ። በሰከንድ እንኳ ተሳስተው የማያውቁ ሰው ናቸው።

ደርግ ሲወድቅ መሥሪያ ቤቱ ተዘረፈ። ኮምፒውተሯን ማን እንደወሰዳት አይታወቅም፤ የወሰዳት ሰው ያን ፕሮግራም መቼም ሊያስነሳው አልቻለም፤ ክታቧ እኔ ቦርሳ ውስጥ ነበረች። የጋሽ ሀብቴ ልጅ ከሰሜን በእግሩም በመኪናም ብሎ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ፀጉሩ ትከሻው ላይ ወርዶ ቦሳ አዲስ ደረሰ። እትዬ አስካለ በሩን የከፈቱ ጊዜ የጮኹትን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ጋሽ ሀብቴ ጡረታቸውን ወጥተው ከልጃቸው ጋር ጥቂት ዓመታት ኖሩና አረፉ። መዝገቡ ከሌላው ወረቀት ጋር የት እንደጠፋ እንጃ።

ይሄን ሁሉ ለሜሮን ስነግራት ምሳው ከናካቴው ደርቆ ነበር። ክታቧን መዳፏ ላይ አድርጋ ብዙ አየቻት። «ማንም መጥቶ አልተረከበሽም?» አለችኝ።

«እስካሁን የመጣ የለም።»

ማታውኑ ካርዷ መለሰችላት፤ የተሳሳተው የሜሮን ፕሮግራም ነበር አሉ። እሑድ ወደ አዲስ አበባ ሸኘኋትና ቤቴ ገብቼ ተቀመጥኩ። ክታቧ ጠረጴዛው ላይ ናት። ቀዩ ቀለም ትንሽ ደብዝዟል፤ ቁጥሩ ግን ይነበባል።

ከደብተር ላይ ትንሽ ወረቀት ቆረጥኩ። መነጽሬን አደረግኩ። የፈቀደው ብዬ ጻፍኩና ከጎኑ ሙሉ ስሜን ከነአባቴ አሰፈርኩ፣ ፈረምኩ። ከዚያ ከፊርማዬ ስር፣ እንዳይሳሳት ደግሜ አስቤ፣ ሰዓቱን ጻፍኩ። ቅዳሜ፣ ለስድስት ሰዓት አሥር ጉዳይ። ወረቀቷን በክር ክታቧ ላይ አሰርኩና መሐረቡ ውስጥ መልሼ ጠቀለልኳት።